ማገዶ ማድረቅ በቦሩ ሜዳ

ነሐሴ 26

ዛሬ የምድጃውን ቱቦ ፈታሁት። ሰሞኑን ከመገጣጠሚያው ጥቁር ነገር እየተንጠባጠበ የእናቴን ነጠላ ሁለት ጊዜ አበላሽቷል። ዝናቡ በጣራው በኩል ገብቶ ጥላሸቱን እያጠበ የሚያወርደው መስሎኝ ነበር። ግቢ አውጥቼ በዱላ ስመታው የወረደው ግን ሌላ ነው፤ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ቅጥራን። ከ2 ሜትር ተኩል ቱቦ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ሙሉ ፈቀፈቅሁ። እጄ ላይ የቀረው በሳሙናም በአመድም አልለቀቀም።

ምድጃው ከግማሽ በርሜል የተሠራ ነው፤ አምና ደሴ አስበይጄ ያመጣሁት። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ስሟ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አፄ ዮሐንስና ምኒልክ በተገኙበት በ1870 ዓ.ም. የተደረገውን የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ብርዷን የሚያነሳላት የለም። ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ሜዳ በመሆኗ ንፋሱን የሚያቆምላት ነገር የለም። ክረምት ጉሙ ሲወርድ ቀን ሙሉ አይነሳም። ህዳርና ታህሳስ ደግሞ ውርጩ አለ። ስለዚህ እዚህ ምድጃ ቅንጦት አይደለም።

አንድ ወር ሙሉ ጥፋቱን በበያጁ ላይ ስደፈድፍ ከረምሁ። ቱቦውን አጥብቦት ነው፣ የአየር በሩን አሳንሶት ነው፣ እያልሁ። እናቴ ዛሬ ጣሳውን አየችና፣

«ልጄ፣ ምድጃህ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚያለቅሰው። ሰኔ የቆረጥከውን ሐምሌ ታጎርሰዋለህ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አሁን የተቆረጠ ባህር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንጨት ደግሞ ነበልባል የሚሆነውን ጋዝ በደንብ መልቀቅ የሚጀምረው ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ እሳቱ ሙቀቱን ለውሃው ይከፍላል፣ ጭሱ ሳይነድ ቱቦ ይገባል፣ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ይረጋል። ያ ቅጥራን ያልነደደ እንጨት ነው። የከፈልሁበትን ማገዶ ቱቦው ውስጥ ለጥፌው ኖሯል።

መስከረም 20

መስቀል አለፈ። ዛሬ ከእናቴ ጋር ሂሳብ ተቀመጥን። ማታ ማታ የምንማግደው ደረቅ ቢሆን 8 ኪሎ ይበቃናል ብለን ገመትን። የክረምቱም የውርጩም ሌሊቶች ሲደመሩ 150 ያህል ናቸው፤ 1,200 ኪሎ ማለት ነው። ሲደረደር ወደ 3 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በአጥሩ ርዝመት አንድ ረድፍ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በስልክ «ጥቅምት ብትቆርጥ እስከ ሰኔ ስምንት ወር ፀሐይ አለህ፣ ምን ያስቸኩልሃል» አለኝ። የከተማ ሰው ሆኖ በልግን ረስቶታል። ወሎ ሁለት ዝናብ ነው ያለን፤ በልጉ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ሊዘልቅ ይችላል። በልግ ሲጠፋ ገበሬው ያለቅሳል፣ ሲመጣ ደግሞ የኔ እንጨት ይበሰብሳል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት አምስት ወራት ናቸው ዋናዎቹ፤ ከበልግ በኋላ ያለችው ግንቦት መጠቅለያ ናት።

ጥቅምት 8

ከቤቱ ጓሮ ያለውን ባህር ዛፍ ጀመርን። አባቴ የተከለው ነው፤ ይህ ሦስተኛ ቆረጣው መሆኑን እናቴ ትናገራለች። ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ዛፍ ነው ይሉታል፣ መሬት ያደርቃል ብለው ያሙታል፤ ሐሜቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ባይኖር ኖሮ በዚህ ሜዳ ዙሪያ አንድ የወይራ ቁጥቋጦ አይተርፍም ነበር።

ቀጥ ያሉትን ለቋሚና ለአጣና ለይተን ተውን፤ እነሱ ለቤት ሠሪ ይሸጣሉ። ለማገዶ የያዝነው ጠማማውን፣ ጉጥ የበዛበትን፣ ሁለት ሆኖ የበቀለውን ነው። ጉቶውን ዝቅ አድርገን፣ ገጹን አጋድለን ቆረጥነው፤ ውሃ ተኝቶበት እንዳይበሰብስና ዳግም እንዲያቆጠቁጥ። ጭራሮውና ቅጠሉ በቀጥታ ለእናቴ ማድቤት ሄደ። ለምጣድ ከዚያ የተሻለ ነገር የለም፤ ከኩበት ጋር ስትቀላቅለው እንጀራዋ ዓይን በዓይን ይሆናል። ያ የሷ ግዛት ስለሆነ አልገባበትም።

ጥቅምት 14

ለመፍለጥ አንድ ጠንካራ ልጅ ቀጠርሁ። ጉማጁን ሁሉ በ40 ሳንቲ ሜትር አስቆረጥሁት፤ የምድጃው አፍ የሚቀበለው 45 ነው። ልጁ መጀመሪያ ግንዱን ዞሮ ያያል። ጫፉ ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሄደች ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይፈልግና መጥረቢያውን እሷ ላይ ያሳርፋል። ጉጥ ካለ ወደ ታች አዙሮ ያቆመዋል። ጠማማ ሲገጥመው መሃሉን ትቶ ከዳር ዳር እየገሸለጠ ይበላዋል። እኔ መሃሉን ስመታ መጥረቢያዬ ተቀርቅሮ ቀረ፤ በሽብልቅና በመዶሻ አወጣልኝ። ሳቁን ለመደበቅ አልሞከረም።

«ጋሼ፣ ባህር ዛፍ እርጥቡን ካልፈለጥከው በኋላ ብረት ነው የሚሆነው» አለኝ።

ሰማሁት፤ አልሰማሁትምም። ማታ ድካሙ ሲያሸንፈኝ «ሲሶው ይቆይ፣ ቀጠን ያለው ሳይፈለጥ ይደርቃል» ብዬ ልጁን ሂሳቡን ሰጥቼ አሰናበትሁት።

ጥቅምት 16

ሚዛን አመጣሁ፤ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ እስከ 10 ኪሎ የሚመዝን። ከፍልጡ አንዱን መርጬ በሚስማር ጫርሁበት፦ 3.10 ኪሎ። ካልተፈለጠው አንድ ቅርፊቱን የለበሰ ድብልብል፦ 4.00 ኪሎ። በየወሩ እነዚህኑ እመዝናለሁ።

ግን ክብደት መቀነሱ ብቻ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ አይነግርም። ስለዚህ ከአንድ ግንድ መሃል ስስ ቁራጭ ወስጄ ሰነጣጥቄ 200 ግራም መዘንሁ። እናቴ ጋግራ ስትጨርስ ምጣዱ ላይ አሰጥቼ አክንባሎ ከደንሁበት። እንዳያር እሳቱን አጥፍታለች፤ የምጣዱ የቀረ ሙቀት ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በየጋገራው እንዲሁ አደርጋለሁ፣ ሚዛኑ መውረድ እስኪያቆም።

«እንጨት ጋገራ ደግሞ ዛሬ አየሁ» ትላለች።

(ጥቅምት 23 ጨምሬ የጻፍሁት፦ 103 ግራም ላይ ቆመ። ከ200 ውስጥ 97ቱ ውሃ ነበር ማለት ነው። በዚህ ስሌት 3.10 ኪሎው ፍልጥ ውስጥ ያለው ውሃ የሌለበት እንጨት 1.6 ኪሎ ገደማ ነው። ውሃው ከክብደቱ 20 በመቶ እንዲሆን ሚዛኑ 2 ኪሎ ላይ መድረስ አለበት። ከዚያ በታች ሲወርድ ለምድጃ ደርሷል ይባላል።)

ጥቅምት 22

ድርደራ። በምሥራቁ አጥር በኩል ነው የመረጥሁት፤ የበጋው ንፋስ የሚመጣው ከዚያ ነው። መሬቱ ላይ ድንጋይ ደርድሬ በላዩ ሁለት ረጃጅም አጣና አጋደምሁ፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። በሁለቱ ጫፍ ካስማ ተከልሁ። ፍልጡን በአንድ ረድፍ ብቻ፣ ጫፎቹ ወደ ንፋሱ እንዲያዩ አድርጌ እስከ ደረት አቆምሁት። 6 ሜትር በ1.20። ውሃው ከእንጨት የሚወጣው በጎኑ ሳይሆን በአብዛኛው በጫፎቹ ነው፤ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ይስብባቸው የነበሩት ቱቦዎች እዚያ ነው የሚከፈቱት። አጭር መቁረጥ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ጎረቤታችን ሼሁ በአጥሩ ላይ ሆነው አዩኝ። እሳቸው የሚሠሩት ሌላ ነው፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ፍልጥ በአንድ ቋሚ ዙሪያ እያስደገፉ እንደ ጎጆ ያቆሙታል።

«አብሽር የኔ ልጅ፣ የማታጋድመው እንጨት ይሻላል። ሲቆም ውሃው በእግሩ ይወርዳል» አሉኝ።

ውሃው በእግሩ አይወርድም፤ በጭረቱ ውስጥ የተያዘ ነው፣ በትነት እንጂ በመንጠባጠብ አይወጣም። ይህንን አልነገርኋቸውም። እንዲያውም ከሳቸው አንድ ፍልጥ በምልክት እንድመዝን ፈቀዱልኝ፦ 6.20 ኪሎ።

ረድፉ ላይ ቦታ ያጣው ትርፍ ፍልጥ ነበር። ማታ ላይ ካፊያ ቢጤ ስላስፈራራኝ በላስቲክ ዙሪያውን ጠቅልዬ፣ ከታች በድንጋይ ይዤ ተውሁት። ንጹሕ ሥራ መሰለኝ።

ህዳር 14

ፍልጥ፦ 2.55። ድብልብል፦ 3.72። የሼሁ፦ 5.45።

በአንድ ወር ከፍልጡ ከግማሽ ኪሎ በላይ ውሃ ሄደ። አየሩ ደረቅ ነው፣ ከንፈር የሚሰነጥቅ። የፍልጡ ጫፍ እንደ ፀሐይ ጨረር ተሰንጥቋል። ቅርፊቱን የወረወርሁትን ህዳር 12 ግቢ ስንጠርግ አቃጠልነው።

ታህሳስ 16

ፍልጥ 2.28፣ ድብልብል 3.50፣ የሼሁ 5.06።

ሌሊት ውርጭ ነበር። ጧት ስወጣ ረድፉ ላይ ነጭ ለብሷል፣ ሣሩ እግር ስር ይሰበራል። ረጠበ ብዬ ደነገጥሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ጭስ የመሰለ እንፋሎት ከፊቱ ተነሳ፤ አራት ሰዓት ላይ እንደነበረ ሆነ። ላይ ላዩን የነካ ውርጭም ሆነ ካፊያ ንፋስ ካገኘ አይጎዳም።

በዚህ ውርጭ የምናነደው ያው የአምናው ቅሪት ነው። ቤት ውስጥ ሲንሰጠሰጥ ያመሻል፤ ጫፉ ላይ አረፋ ይደፍቃል። ታግሰነዋል።

ጥር 15

ፍልጥ 2.12። ድብልብል 3.34። የሼሁ 4.75።

ስሌቱ ሲሠራ ፍልጡ ውስጥ ያለው ውሃ 25 በመቶ ገደማ ሆኗል፣ ድብልብሉ ገና 38 ላይ ነው። በተመሳሳይ ቀን ተቆርጠው፣ እኩል ፀሐይ አግኝተው። የባህር ዛፍ ቅርፊት ዛፉን ውሃ እንዳያጣ የሚጠብቅ ልባስ ነው፤ ዛፉ ከሞተም በኋላ ያንኑ ሥራውን ይሠራል። ፀሐይዋ ብቻ በቂ ብትሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል ይሆኑ ነበር።

እናቴ ሚዛን አትፈልግም። ፍልጡን ታነሳና የተቆረጠውን ፊቱን ጉንጯ ላይ ትለጥፈዋለች። ከቀዘቀዛት ገና ነው። ሁለቱን አጋጭታ ታዳምጣለች፦ እርጥቡ «ድብ» ይላል፣ ደረቁ «ቋ»። ከአስር ፍልጥ ዘጠኙን ከሚዛኔ ጋር አንድ አድርጋ ለየችልኝ። አንዱን የሳትሁት እኔ ልሁን እሷ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

ከዚያ ላስቲኩን ገለጥሁት። ወይ ጉድ። ከውስጥ በኩል ላስቲኩ አልቦታል፣ ፍልጡ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፣ ሽታው እንደ አሮጌ ምድር ቤት። ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው ውሃው ከእንጨቱ ይወጣል፣ መውጫ የለውም፣ ማታ ሲቀዘቅዝ መልሶ እላዩ ላይ ይወርዳል። ሦስት ወር ሙሉ በራሱ ላብ ሲቀቀል ከርሟል። ላስቲኩን አንስቼ ከአናቱ ላይ ብቻ ጣል አድርጌ ጎኑን ከፈትሁት።

ጥር 23

የተውሁትን ሲሶ ዛሬ ልፈልጥ ተነሳሁ። ልጁ ያለኝ እንደ ትንቢት ደረሰ። መጥረቢያው ይነጥራል። ሽብልቁን ብነዳው ገብቶ ይቀራል። ጭረቱ ተጠማዞ ስለደረቀ ግማሹ ሲከፈት ግማሹ ተያይዞ ይቀራል፣ እንደ ገመድ። ከሰላሳ ድብልብል አስራ አንዱን ፈለጥሁና መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ማታ ልጁን ደውዬ ጠራሁት። በጥቅምት ይወስድብኝ ከነበረው ሁለት እጥፍ ጊዜ ወሰደበት፣ ዋጋውንም ሁለት እጥፍ ጠየቀ፤ አልተከራከርሁም። የሚመዘነውን ድብልብል ግን ለምስክርነት ሳይነካ ተውሁት።

የካቲት 24

ፍልጥ 2.04። ወደ 20 በመቶ ልደርስ ትንሽ ቀረኝ፤ ሰማዩ ደግሞ ከጦሳ ተራራ በኩል ጠቆረ።

ከአሮጌው ማድቤት የወረደ ቆርቆሮ ነበረ። ረድፉ አናት ላይ ወደ ኋላ አዘንብዬ ጣልሁት፣ ከፊት አንድ ስንዝር እንዲወጣ፣ ድንጋይ ጫንሁበት። ጎኑ ክፍት ነው። ከላስቲኩ ተምሬያለሁ። የሼሁ ጎጆ ምንም አልተከደነም። ብጠይቃቸው፣

«እሱ ራሱ ጣራ ነው» አሉኝ።

መጋቢት 9

ዛሬ ረድፉ ወደቀ።

እንዲህ ነው የሆነው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ባህር ዛፍ ደግሞ በዚህ ይብሳል። ጥቅምት ላይ ደረቴ ላይ የነበረው ረድፍ አንድ ጋት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ያም እኩል ቢሆን ባልከፋ፤ ፀሐይ በሚመታው ፊት በኩል ይበልጥ ስለተኮማተረ አናቱ ወደ ፊት አዘነበለ። ይህንን አይቼ ነበር፣ «ነገ» እያልሁ። በልጉ መሬቱን ሲያረሰርሰው አንደኛው ድንጋይ ሰመጠ። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት የሚንድ የመሰለ ድምፅ ሰማን። የረድፉ ግማሽ የእናቴ ጎመን ላይ ተዘርግቷል፣ ቆርቆሮው አጥር ጥግ ደርሷል። ዶሮዎቹ ያኔ ቆጥ ላይ መሆናቸው በጀ።

ጭቃ ላይ ሁለት ቀን አደረ፤ ዶፉም በረዶውም ወረደበት። እንደገና የደረደርሁት መጋቢት 11 ነው። አሁን ድንጋዮቹን ቆፍሬ አስቀመጥኋቸው፣ ረድፉን ወደ አጥሩ ትንሽ አጋደልሁት፣ በየሁለት ሜትሩ ደግሞ ጫፍ ላይ ፍልጥ አንድ ጊዜ ቁም አንድ ጊዜ አግድም እያነባበርሁ ምሰሶ አበጀሁለት።

ለጎመኑ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ይቅርታው ገና አልተሰጠኝም።

ሚያዝያ 10

ፍልጥ፦ 2.11። ከየካቲቱ ጨምሯል። ከ22 ወደ 24 በመቶ።

የሼሁ፦ 4.40። ከጥር ወሩ ቀንሷል! በዝናቡ መሃል 33 የነበረው 27 ሆነ።

ይህንን ሳይ ትንሽ አፈርሁ። ምክንያታቸው ልክ አልነበረም፤ ሥራቸው ግን ልክ ነበር። የቆመ ፍልጥ ላይ ዝናብ ተንሸራትቶ ይወርዳል እንጂ አይተኛም፣ በመሃሉ ደግሞ ክፍተቱ እንደ ጭስ ማውጫ አየር ይስባል። ረጅም በመሆኑ ከኔ ዘግይቶ ደረቀ እንጂ ወደ ኋላ አልተመለሰም። እኔ ከንፋሱ ጋር እየተስማማሁ ከመሬቱ ጋር ተጣላሁ።

ግንቦት 21

ፍልጥ 1.98። አለፈ! 19 በመቶ ገደማ። የሼሁ 4.12፣ ማለትም 22 ወይም 23። ድብልብሉ 2.88፤ በሰባት ወር 28 በመቶ ላይ ነው። ድብልብሉን በእልህ ፈለጥሁት፤ ከቅርፊቱ ስር ነቀዝ ገብቶበት ነጭ ዱቄት ረገፈ፣ መሃሉ አሁንም እጅ ያቀዘቅዛል።

ያ የሻገተው ከጥር ወዲህ ተከፍቶ ደርቋል፤ ሻጋታው ተቦርሾ ረገፈ። ሆኖም ቀለል ብሏል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት «ቋ» አይልም፣ እንደ ቡሽ ነው። መጀመሪያ የሚነደው እሱ ይሆናል።

ሰኔ 9

ክረምቱ ሳይገባ ወደ ታዛ ማስገባት። ቤቱ ጀርባ፣ የጣራው ጠፈጠፍ ከሚያርፍበት ወደ ውስጥ፣ ከግድግዳው አንድ ጋት ለቅቄ ደረደርሁት፤ ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ እርጥበቱን እንዳያስተላልፍበት። ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ አጋዘ። የመጨረሻውን የተሸከመው ልጅ «ጋሼ፣ አምና ይህን የሚያክል ስሸከም ወገቤ ተቆርጦ ነበር» አለ። ሚዛን አያስፈልገውም እሱም።

ሐምሌ 12

ጉሙ ከትናንት ጀምሮ አልተነሳም። መብራት የለም። ማታ አንድ እፍኝ ጭራሮ፣ ሁለት ቀጫጭን ፍልጥ፣ አንድ ክብሪት። በአምስት ደቂቃ ነደደ። እናቴ አምና በዚህ ሰዓት እፍ እያለች ዓይኗን በነጠላዋ ስትጠርግ ነበር። ዛሬ ቡናዋን ቆልታ አቦሉን ስትቀዳ ዞር ብላ ምድጃውን እንኳ አላየችውም።

ተደስቼ ጨመርሁበት። ቀጫጭኑን ስድስት ፍልጥ በአንድ ጊዜ። ምድጃው እንደ መኪና ማጓራት ጀመረ፣ የቱቦው ታችኛው ክፍል ደም መሰለ። የአየር በሩን ዘግቼ ላብ በላብ ሆንሁ። ለእርጥብ እንጨት የለመደ እጅ ለደረቁ አይሆንም። አሁን የማስገባው ሦስት ወፋፍራም ነው፣ ነበልባሉ ሲይዝ አየሩን በግማሽ እቀንሳለሁ።

ሐምሌ 19

ታዛ ያለውም ቢሆን የክረምቱን አየር ትንሽ ጠጥቷል፦ 2.02 ኪሎ። ስለዚህ የሦስት ቀን የሚሆነውን ቤት አስገብቼ ምድጃው አጠገብ አቆየዋለሁ። ትናንት ግን አንዱን ፍልጥ በርሜሉን አስደግፌ ተኛሁ። እናቴ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችኝ፤ ቤቱ አዲስ ጭስ ይሸታል። የተደገፈው ፍልጥ በጀርባው በኩል ጠቁሮ ክር የመሰለ ጭስ ያወጣል፣ ነበልባል የለውም። ይዤው ወጣሁና ጭቃ ውስጥ ነከርሁት። ከዛሬ ጀምሮ ከምድጃው አንድ ሜትር መስመር በኖራ አስምሬያለሁ፤ ከዚያ ወደ ምድጃው እንጨት አይሻገርም።

ይህን ስጽፍ አንድ ሌላ ነገር ታወሰኝ። ጭስ ማውጫ የሌላቸው ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ማታ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ያስገባሉ፤ ጭስ የለውም ብለው በሩን ይዘጋሉ። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። እኔን ያዳነኝ ጭሱ መሽተቱ ነው። ሼሁ ቤት ሄጄ ይህንኑ ነግሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ፍሙን ደጅ ነው የሚያስቀሩት።

ነሐሴ 25

ቱቦውን ፈታሁት። ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው። ግቢ አውጥቼ መታሁት፦ የረገፈው ግራጫ ደረቅ ዱቄት ነው፣ ሰብስቤ ስለካው አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አልሞላም። እጄን አንድ ጊዜ በአመድ አሽቼ ታጠብሁት፣ ነጣ። አምና በያጁን ማማቴ ትዝ ብሎኝ ለደሴው ሰው ደወልሁለት፤ ለምን እንደደወልሁ አልገባውም፣ የምድጃው በር እጀታ መላላቱን ብቻ ነግሬው ዘጋሁ።

ከረድፉ የቀረው 1 ሜትር ከ70 ነው፤ ለህዳርና ለታህሳስ ውርጭ አይበቃም። 150 ሌሊት ያልነውን ዝቅ አድርገን ገምተናል፤ በዚህ ጉም ቀን ላይም አንድደናል። በጥቅምት ግማሽ ሜትር ቁመት ልጨምር፣ ሁሉንም በዚያው ሳምንት ላስፈልጥ፣ ረጃጅሙን ትርፍ ደግሞ እንደ ሼሁ ጎጆ ላቁም አስቤያለሁ።

ይህን እየጻፍሁ ሳለ ሼሁ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ከጋቢው ስር ያቺን የተጫረች ፍልጥ አወጡ።

«እስቲ መዝንልኝ፣ ያንተን በልጣ እንደሁ።»

4.16። በስሌቴ 23 በመቶ። «ትንሽ ይቀራታል አባባ» አልኋቸው። አላመኑኝም። እናቴ ተቀበለቻቸውና ጉንጯ ላይ ለጠፈቻት፣ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች።

«ለሳምንት ትደርሳለች» ብላ ከኛ ፍልጥ ጋር ከኖራው መስመር ወዲያ አቆመቻት። ቡና ፈልቶ ነበርና ሼሁ እስከ በረካ ተቀመጡ፤ ሲሄዱ ፍልጧን ረስተዋት ሄዱ።